ለዘወትር የሚበቃ ላፕቶፕ

«ለዘወትር ይበቃል» የምንላት ነገር አለች፤ ነጠላ ስንገዛ፣ ጫማ ስንገዛ፣ አሁን አሁን ደግሞ ኮምፒውተር ስንገዛ። እኔም እስማማለሁ። እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ አብዛኞቻችን ኮምፒውተር ከፍተን ምን እንሠራለን? ደብዳቤ እንጽፋለን፣ ዜና እናያለን፣ የማናውቀውን ሰው ሠርግ ቪዲዮ ከፍተን ሙሽራዋን እናማለን። ለዚህ ለዚህማ ያ ከኢንተርኔት መክፈቻ በቀር ሌላ ነገር የሌለው ቀላል ላፕቶፕ ምን ያንሰዋል? ቶሎ ይከፈታል፣ ባትሪው ይበረክታል፣ ቫይረስም እምብዛም አይደፍረውም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሰው ዕድሜውን ሁሉ ዘወትርን ብቻ ይኖራል እንዴ?

የወንድሜ የሙሄ ልጅ ሰአዳ እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ነበራት። ኮምቦልቻ ኮሌጅ የጨረሰችው በእሱ ነው፤ አንድ ቀን አስቀይሟት አያውቅም። ሙሄ ሕመሙ ሲጠናበት ለሠርጓ እንደማይደርስ ገባው። ሰውዬው ደግሞ መራቂ ነበር፤ አፉን ሲከፍት አገር እጁን ይዘረጋለታል። የሰውን ልጅ ሁሉ መርቆ ሲድር ኖሮ የራሱን ሳይመርቅ መሄዱ አንገበገበው። ስለዚህ ትራስ ተደግፎ መረቀ፣ ሰአዳም በላፕቶፑ ቀዳችው። ሲጨርስ «ድምጤ አሁን የት ገባ?» አላት።

«ኢንተርኔት ላይ ነው አባባ። እዚህ ውስጥ ቦታ አይዝም።»

«ከቤቴ ወጥቶ ሄደ በይኛ! ወላሂ፣ የሚመለስበትን መንገድ ያውቀው ይሆን?»

እሱም ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ሙሄ እንደፈራው ሳይደርስ ሞተ። የኒካሁ ዕለት ድንኳኑ ሞልቷል፣ ሼኩ ቦታቸውን ይዘዋል። ሰአዳ ከዚህ ሁሉ ድግስ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኒካሁ ከመታሰሩ በፊት የአባቷ ምርቃት ይሰማላት። በአባቷ ቦታ የምድራት እኔ ነኝና ላፕቶፑን ፊቴ አድርጌ ከስልኬ ጋር አገናኘሁት። ኔትወርክ የለም። የኔ ስልክ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ኮምቦልቻ በሙሉ የላትም። አንዱ ስልኩን ይዞ ግንብ ላይ ወጣ፣ አንዱ ሌላ ሲም አመጣ፣ አንዱ ላፕቶፑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ምርቃቱን አስቀድሞ አውርዶ ማስቀመጥ ይቻል ነበር። ግን ማን ያስበው? አስቀይሟት አያውቅማ!

ሰአዳ በመጋረጃው ስንጥቅ ታየኛለች። ሼኩ ጠብቀው ጠብቀው «አላህ የሟቹን ምርቃት ይቀበለው፤ እንግዳ አናቆይ» አሉ። እውነታቸውን ነው። የሙሽራውን እጅ ጨብጬ ዳርኳት።

ወደ ባቲ ስትሸኝ ላፕቶፑን እጄ ላይ አስቀመጠችው። «አጎቴ፣ ደሴ ሲገቡ ኔትወርክ ካለ ምርቃቱን ይላኩልኝ» አለች።

እኔም ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤቴ ልመለስ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የሐረጎን ዳገት ሽቅብ እንደያዝን ስልኬ ኔትወርክ አግኝቶ በላይ በላዩ ይጮህ ጀመር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! እልህ ይዞኝ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ ከፈትኩት፣ ምርቃቱን ነካሁት። የሙሄ ድምፅ ሚኒባሱን ሞላው።

«በሉ እጃችሁን ዘርጉ! ልጄ ሰአዳ፣ ውለዱ ክበዱ! ቤትሽ እንግዳ አይጣ፣ ማጀትሽ አይጉደል! አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ! ምነው፣ አሚን በሉ እንጂ!»

ሹፌሩ ሬዲዮውን ዘጋ። ሽንኩርት የጫነችው ሴት እጇን ዘረጋች። ከፊት የተቀመጡት ቄስ «አሜን» አሉ፣ ረዳቱ በሩን እንደያዘ «አሚን!» አለ፣ ከዚያማ ሁሉም ተቀበለ። እኔም ላፕቶፑን ከፍ አድርጌ ያዝኩላቸው።

ሲያልቅ ከኋላ አንዲት እናት «ማሻ አላህ! ምን ያለ አባት ነው! ሙሽራዋ የታለች?» ብለው በተሳፋሪው መሀል ዓይናቸውን አንከራተቱ።

«ሄደች» አልኳቸው። «ሙሽራዋማ ሄደች።»