የሐጂ ነስሩ ሳር ማጨጃ

ጎረቤቱ ትራክተር የገዛበት ሰው ምን እንደሚሆን አይታችኋል? እኔን እዩኝ። በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ የአሰንዳቦው ቡና ነጋዴ ሐጂ ነስሩ ከትራክተራቸው ኋላ የሚሽከረከር ሳር ማጨጃ ካስገጠሙ ወዲህ እንቅልፍ የወሰደኝ ይመስላችኋል?

ሹፌሩ፣ «ሐጂ፣ ስለቱን ከመሬት ስንዝር ያህል እናንሳው፤ ድንጋይ ይሰብረዋል» ቢላቸው፣ «ወላሂ፣ መስኩ እንደ ራሴ ካልተላጨ!» አሉ። መላጨቱ ተጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ስለቱ ድንጋይ መታና ጓ ብሎ ተሰበረ።

ደስታዬን በጋቢዬ ሸፍኜ ለማጽናናት ሮጥኩ። ሐጂ አቅፈውኝ፣ «ከሁሉ ቀድመህ የደረስክልኝ አንተ ነህ፤ አላህ ይስጥህ!» አሉኝ።

አዲሱን ስለት ስንዝር ከፍ አድርገው አስገጠሙና፣ ለውለታዬ መጀመሪያ የእኔን መስክ አጨዱልኝ። ሚስቴ ስትመርቃቸው ዋለች። ሳሩ እኩል ተከርክሞ እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ! ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።