ቦራ የመሰከረለት ኮት

ትናንት ሌሊት ሕልም አየሁ። ፍቺውን ንገሩኝ አላልኩም፤ ሰባ ሰባት ዓመት የኖርኩት በሰው ፍቺ አይደለም። እንዳየሁት እናገራለሁ።

ከመተኛቴ በፊት የባሌን ቀይ ኮት ከሳጥን አውጥቼ፣ ቦርሼ፣ ወንበር ላይ ሰቅዬው ነበር። ባሌ አስር አለቃ ጓንጉል ይመር ፈረሰኛ ነበር። ኋላ ጦሩ ፈረሱን ትቶ ታንክ ተሰጠውና ብረት ለበስ ተባለ። አሁን ደግሞ ጦር ሰፈሩ ውስጥ የታሪክ ክፍል ከፍተናል፣ ኮቱን ይስጡን ብለው ላኩብኝ። እሺ ስል አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፤ ስሙ ይጻፍበት። የመቃብሩን እንጨት ምስጥ ጨርሶታል። ስሙ የቀረው እኔ አፍ ላይ ነው፤ እኔም ዛሬ ካልሆነ ነገ ሄጃለሁ።

በሕልሜ ኮቱን ታቅፌ ጦር ሰፈሩ በር ደረስኩ። ዘበኞቹ በቅሎዎች ናቸው። አንዷ መታወቂያ አለችኝ። የለኝም ስላት አፌን ከፍታ ጥርሴን ቆጠረችና ዕድሜዬን መዝገብ ላይ አሰፈረች። ሁለት ዓመት ጨመረችብኝ፤ አልተከራከርኳትም።

ሜዳው ላይ ታንኮች ሣር ይግጣሉ። አንዱን ሆዱን ነፍቶት ተጋድሟል፤ መካኒኮቹ ከበው ተልባ ይግቱታል። መኮንኖቹ ጋጣ ውስጥ በተርታ ታስረዋል፤ ልጓም ጎርሰው፣ ገብስ ተቀነሰብን እያሉ ያጉረመርማሉ። ባሌን አርባ ቀን ያሳሰረውን መቶ አለቃ አወቅሁት። አንድ ፈረስ ጀርባውን በብሩሽ ሲፍቀው ዓይኑን ጨፍኖ ደስ ብሎታል። ይመችህ ብዬው አለፍኩ።

ከዚያ ሰልፍ ተጀመረ። የሚሰለፉት ልብሶቹ ብቻ ናቸው፤ ውስጣቸው ሰው የለም። ፊት ፊት ቀያዮቹ ኮቶች ሄዱ፤ ኮርቻ ላይ እንዲመቹ ከኋላ የተሰነጠቁት። ተከትሎ ካኪው መጣ፤ ጭኑ ውስጥ ቆዳ የተለጠፈበት ሱሪ ያለው። ያን ቆዳ ስሰፋ መርፌው ስንት ጊዜ ጣቴን እንደበሳው እኔ ነኝ የማውቀው። መጨረሻ ላይ የታንከኞቹ ጥቁር ቱታ አለፈ። እሱን እንኳ ልብስ አልለውም፤ የጋራዥ ነው።

ከቱታዎቹ ኋላ አንድ ጥንድ ጫማ ብቻውን ያነክሳል። የጓንጉል ጫማ ነው። ታንክ የተሰጣቸው ቀን፣ ተረከዙ ላይ ፈረስ የሚኮረኩርበትን ብረት ሳይፈታ ታንኩ ላይ ወጣ። ሲወርድ ብረቱ ተሰካና ቁልቁል ተንጠልጥሎ ቀረ። ጦሩ ሁሉ ሳቀበት። እሱ ግን ተዘቅዝቆ እንደተሰቀለ የታንኩን ብረት መታ መታ እያደረገ፣ “ቀስ በል ቦራ” ይለው ነበር አሉ። ቦራ ፈረሱ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። ታንኩ ሲመጣ ፈረሶቹን ለጋሪ ነጂዎች ሰጧቸው። ያን ሳምንት ጓንጉል እህል አልቀመሰም።

ቀና ብል፣ የክብር ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ራሱ ቦራ ነው። ጄኔራሎቹ ከሥር ጋሪ እየጎተቱ ያልፋሉ።

“እትዬ ደብሪቱ፣ አረጀሽ” አለኝ።

“አንተስ ሞተህ የለም እንዴ?”

“እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ኮቱ የማነው?”

“የጋላቢህ። ስሙ ይጻፍበት።”

ጸሐፊው አህያ ነው። መነጽሩን ከፍ አድርጎ የጋላቢ ስም በደንቡ እንደማይጻፍ ነገረኝ። ኮቱን ደረቴ ላይ ጨምቄ፣ ካልጻፋችሁ ይዤው እመለሳለሁ አልኩ።

ቦራ ከወንበሩ ተነሳ።

“በድርቁ ዓመት ገብሴን ሲቀንሱብኝ የራሱን ቆሎ ከኪሱ ያበላኝ እሱ ነው” አለ። “ጻፍ። አስር አለቃ ጓንጉል ይመር።”

ስሙ ሜዳውን ሞላው። ታንኮቹ መጋጥ አቆሙ። አህያው እያቃሰተ ጻፈ። ቦራ ኮቴውን ቀለም ውስጥ ነክሮ ከሥሩ አተመበት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ያን ጽሕፈት ግን አነበብኩት። ቀለሙ ሳይደርቅ በር ተንኳኳ።

የተንኳኳው የእኔው በር ነው። ነግቷል። አንድ ልጅ እግር ሻምበል ቆሟል፤ ቱታው ተተኩሷል፣ ብብቱ ሥር የእንጨት ሰሌዳ ይዟል። እንዴት አደሩ እማማ ብሎ ጎንበስ አለልኝ። አስተዳደጉ ጥሩ ነው። ሰሌዳውን አንብብልኝ አልኩት።

“‘የዝነኛው ፈረስ የቦራ ጋላቢ ይለብሰው የነበረ ኮት’ ይላል።”

“ጋላቢው ስም የለውም?”

የተገኘው የፈረሶቹ መዝገብ ብቻ እንደሆነ፣ የሰዎቹ እንደጠፋ አስረዳኝ። ጓንጉል ይመር ይባላል አልኩት። አመነታና፣ ያለ ምስክር ስም መጻፍ እንደማይፈቀድላቸው ነገረኝ። ሚስቱ ነኝ ስለው፣ የቤተሰብ ቃል አይበቃም አለ።

ኮቱን አጥፌ ሳጥኑ ውስጥ መለስኩት፤ ክዳኑ ላይ ተቀመጥኩበት።

“በል ልጄ፣ ሂድና ፈረሱን ጠይቅ” አልኩት። “እሱ ስሙን ያውቀዋል።”