ዓይኑን ጨፍኖ የሚያየው መርማሪ

ሰው የሚያናድደውን መጽሐፍ እስከ መጨረሻው የሚያነበው ለምንድን ነው? እኔ ለመተቸት ብዬ ነው። በደንብ ለመተቸት ደግሞ ከጎረቤት ሁሉ ቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል።

ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነች በኋላም የአዲስ አበባ ከባድ መኪኖች ወደ አሰብ ይመላለሱ በነበረበት ጊዜ፣ ግርማ የሚባል ሾፌር አሰብ ለምንኖረው ለእኛ ተከታታይ የወንጀል ልብ ወለድ ያመጣልን ነበር። ከወዳጁ ተውሶ ስለሚያመጣው፣ የያዝነውን ክፍል ካልመለስን ተከታዩን አናይም። የታሪኩ መርማሪ ባለራዕይ ነው። የሟችን ኮፍያ ወይም ጫማ ይዳስስና ዓይኑን ይጨፍናል፤ ገዳዩ ወለል ብሎ ይታየዋል። በቃ፣ ምርመራው አለቀ።

ሐቁን ልናገር፤ ደራሲው ልብ ማንጠልጠል ያውቅበታል። ምዕራፉን የሚዘጋው የበሩ እጀታ ሲዞር ነው። እዚያ ላይ አቁሞ ሥራ የሚሄድ ሰው ልቡ ድንጋይ ነው። የሟች እናት ስታለቅስ እኔም አልቅሻለሁ። ግን መርማሪ ጠይቆ፣ ተጠራጥሮ፣ አንዳንዴም ተሳስቶ ነው የሚደርሰው። ዓይን በመጨፈን ከሆነማ ፖሊስ ጣቢያው ምን ይሠራል? አንባቢውስ ማንን ይጠርጥር? ይህን ስል ጎረቤቴ ተካልኝ ደሙ ይፈላል። የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ መካኒክ ነው፤ ብሎን ሳይፈታ ስለ ሞተር ትንፍሽ አይልም። ባለራዕዩ ላይ ሲደርስ ግን “አንተ እኮ መንፈስ የለህም!” ይለኛል።

አንድ ቀን ግርማ ጭነቱን ጨርሶ ሊመለስ ሲል መጽሐፉ ጠፋ። ግቢው ታመሰ። ይሄኔ ተካልኝ ሁልጊዜ የምቀመጥበትን ዱካ ዳሰሰና ዓይኑን ጨፈነ። “መጽሐፉን በእጁ ይዞ አየሁት” አለና ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። ወይ ጉድ! ሲያጣጥለው የኖረ ሰው ቢደብቀው ምን ይገርማል ተባለ። ግርማም ኮስተር ብሎ ከእንግዲህ አንድም ክፍል እንደማያመጣ ነገረን። ስሜ መጥፋቱ አናደደኝ፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ አለማንበቤ ደግሞ ይበልጥ አንገበገበኝ።

እኔ ዓይኔን ገልጬ ምርመራ ጀመርኩ። መጨረሻ የያዘው ማን ነው? ራሱ ተካልኝ። የት አነበበው? ከምሳ በኋላ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ። አንሶላው ላይ የተለጠፈው ምንድን ነው? ሙጫ። የአሰብን ቀትር ለማያውቅ ሰው ይህ ምንም አይነግረውም። እኛ ዘንድ ግን ሻማ ሳይለኮስ ይጎብጣል፤ የመጽሐፍ ሙጫ ቀልጦ ገጾቹ ይበተናሉ። ስለዚህ የሚቀልጥ ነገር ሁሉ፣ ሻማም ቅቤም ሊፒስቲክም፣ የሚገባው የጎረቤታችን የእትዬ ፋጡማ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ግቢው ያለው እሱ ብቻ ነውና። ተካልኝ እንቅልፍ እያዳፋው ራሱ አስቀምጦ ረስቶታል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው።

እትዬ ፋጡማን ፍሪጁን እንዲከፍቱልኝ ለመንኳቸው። “ወላሂ፣ ፍሪዘሩ ውስጥ ከዓሣ በቀር ምንም የለም” አሉ። ዓሣው ወንድማቸው ከባሕር ዳርቻዋ ከጥዖ የላኩላቸው ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደርሶ ፍሪዘሩን እስከ አፉ ሞልቶታል። አንድ በአንድ አወጣሁት። ከሥር በላስቲክ የተጠቀለለ መጽሐፍ፣ በረዶ ሠርቶ!

እትዬ ፋጡማ እልልታቸውን አቀለጡት። ግርማ ትከሻዬን እየመታ ቀጣዩን ክፍል ከሁሉ በፊት ለእኔ እንደሚሰጠኝ ማለልኝ። ደስታዬ ወደር አልነበረውም። ያን ቀን ባለራዕዩ ራሱ ቢመጣ ከግቢው በር እመልሰው ነበር! መጽሐፉን ከፍ አድርጌ ያዝኩና ስለ ጥያቄና ስለ ማስረጃ ታላቅ ንግግር ላደርግ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

ተካልኝ ቀደመኝ። ጣቱን እንደገና ወደ እኔ ቀስሮ፣ “ይኸው! መጽሐፉን በእጁ ይዞ አየሁት አላልኳችሁም?” አለ።

ሰው ሁሉ ወደ እጄ ተመለከተ። የመጽሐፉ በረዶ ክንዴ ላይ ይንጠባጠባል። ምን ብዬ ልካድ?