በሩ የየትኛው ክፍል ነው?

ሰው የሥራ ክፍሉን አብዝቶ ከወደደ መሥሪያ ቤቱን ይረሳል። አላጋነንኩም፤ እስቲ ፍረዱኝ። እኔ በምሠራበት የቃሊቲ ፋብሪካ፣ የጥገና ክፍል ኃላፊው አቶ ታደለ መጸዳጃ ቤት ገብተው በሩ አልከፈት አላቸው። የሠራተኛው ሰርቪስ ሊነሳ ሞተሩን አስነስቷል።

"ኧረ ክፈቱልኝ!" ይጮኻሉ።

የንብረት ክፍሉ ሰው፣ "ቁልፉ የእኛ ነው፤ ግን አልሠራ ብሏል። በር መስበር ደግሞ የጥገና ኃላፊውን ፈቃድ ይጠይቃል" አለ።

"ታዲያ ኃላፊው ውስጥ አይደሉም እንዴ? አቶ ታደለ፣ እንስበረው?" አልኩ።

"በክፍልህ ኃላፊ በኩል ጠይቅ!" አሉ ከውስጥ።

ልጆቼን "የተቸገረ ሰው ስታዩ የማን ሥራ ነው አትበሉ" እያልኩ ነው ያሳደግሁት። በሩን በትከሻዬ ገነጠልኩት። አቶ ታደለ ላባቸውን እየጠረጉ ወጡና አፈጠጡብኝ።

"ለመሆኑ አንተ ከየትኛው ክፍል ነህ?"

ሰርቪሱ ከግቢው ሲወጣ አየሁት።

"ሰርቪስ ካመለጣቸው ክፍል ነኝ ጌታዬ። እርስዎም ወደ እኛ ተዛውረዋል።"