ሌሎቹ የማይመርጧት ሴት

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት እጩዎች መጀመሪያ በሚመረጡባት በአዮዋ ግዛት ውስጥ፣ ሁለት ሺህ ሰው የማይሞላት ከተማ እንኳ ፕሬዚዳንት የሚሾምና የሚሽር አንድ ሰው አታጣም። የሚሾመው ቁርስ ቤት ቁጭ ብሎ፣ እንቁላሉን እየቆረሰ ነው። እሱ ራሱ ማንን እንደሚወድ ብትጠይቁት ግን አይነግራችሁም። ጥያቄያችሁ የጀማሪ ጥያቄ ነው። ዋናው ነገር ሌሎቹ ማንን ይመርጣሉ የሚለው ነው።

በእኛ ከተማ ይህ ሹመት የክቡር ቨርሊን ዳይክስትራ ነው። ክቡርነታቸው ሠላሳ አራት ዓመት የበቆሎ ዘር ሸጠው ጡረታ ወጥተዋል። በነዚያ ዓመታት ገበሬው በመጪው ወቅት ምን መዝራት እንደሚፈልግ፣ ገበሬው ራሱ ሳያውቅ እርሳቸው ያውቁ ነበር፤ ቢያንስ የሚሉት እንደዚያ ነው። ከበቆሎ ወደ ፕሬዚዳንት መሻገር ብዙም አልከበዳቸውም።

እጩን ሲመረምሩ ምሕረት አያውቁም። ሠላሳ ዓመት ሴናተር የሆነውን ሰው፣ "ልምዱ በዝቷል፣ ሕዝቡ ሰልችቶታል" ይሉታል። ስድስት ዓመት የሠራውን፣ "ገና ነው፣ ይብሰል" ይሉታል። ብዙ ሕግ ያወጣ እጩ ለጠላት ብዙ መውጊያ አስቀምጧል፤ ምንም ያላወጣ ደግሞ ምን ሲሠራ ኖረ? ይህን ሁሉ ያለፈ ሰው ቢገኝ እንኳ ቡናቸውን ፉት ይሉና የመጨረሻዋን ጥያቄ ያመጣሉ። "ሁሉም ደህና። ግን መመረጥ ይችላል ወይ?"

እኔ በከተማችን ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ የምጽፍ ሰው ስለሆንኩ መዝገብ እይዛለሁ። ክቡርነታቸው ይህ ታሪክ እስከሆነበት ዓመት ድረስ ሰባት ጊዜ "መመረጥ የሚችለው እሱ ነው" ብለው ነበር። ሰባቱም ተሸንፈዋል። ይህን አንድ ጠዋት ፊት ለፊት ብነግራቸው ቅንጣት አልደነገጡም። የተሳሳተው ሕዝቡ ነው አሉኝ።

የሌላ ግዛት ገዥ የሆነችው ማርጎ ፔልቲየር ለፕሬዚዳንትነት ልትወዳደር የመጣችው በዚህ መሀል ነው። እኛ እጁን ሦስት ጊዜ ያልጨበጥነውን እጩ አንመርጥም፤ እሷም ሦስት ጊዜ መጣች። በሦስተኛው ክቡር ቨርሊን ተነስተው ስለ ወንዝ ግድብ በጥያቄ አጠመዷት። በግዛቷ ጎርፍ በመጣ ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ግድቡ ላይ አድራለች፤ የትኛው ክፍል ለምን እንደተናደ ታውቃለች። አርባ ደቂቃ መለሰችላቸው። የማታውቀው ጋ ስትደርስም አላውቅም አለች። ክቡርነታቸው ሲወጡ ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

"እንደዚህ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም" አሉኝ። "ያሳዝናል። ሌሎቹ አይመርጧትም።"

እኔም ቤቴ ገብቼ አሰብኩበት። ሴትዮዋን ወድጃታለሁ። ግን ቨርሊን የሰዉን ልብ ያውቃሉ፣ ድምፄን ለምን አባክናለሁ ብዬ ከሌላው እጩ ከሴናተር ዊትኮም ጋር ለመቆም ወሰንኩ። ሴናተሩ ምን እንዳሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር አላስታውስም። መመረጥ እንደሚችሉ ግን በየቦታው ይነገር ነበር።

ችግሩ የክቡርነታቸው ባለቤት ናቸው። አርሊስ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ነርስ ሲሆኑ፣ በሠፈራችን የገዥዋ የምርጫ ዘመቻ አስተባባሪም ነበሩ። አሥራ አንድ ወር በር አንኳኩተዋል። በታኅሣሥ በረዶ ላይ ወድቀው የእጃቸው አንጓ ተሰበረ፤ በሳምንቱ ከነጀሶው እኔ ቤት መጡ። እሺም እምቢም ሳልል ኬክ አብልቼ ሸኘኋቸው። እስካሁን ያሳፍረኛል። በጥር ባልና ሚስቱ አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው ጨው አቀብለኝ እንኳ መባባል ተዉ።

የፓርቲያችንን እጩ የምንመርጥበት የስብሰባ ምሽት ደረሰ። ያኔ ምርጫችን ካርድ ኮሮጆ መክተት አልነበረም። ጎረቤት ሁሉ ትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ይገባና እያንዳንዱ በሚደግፈው እጩ ጥግ ይቆማል። ማን የት እንደቆመ ሚስትህም፣ ጥርስ ሐኪምህም ያያል። ከተሰበሰበው ሰው ከመቶ አሥራ አምስት እጅ ያልሞላ ጥግ ይፈርሳል፤ እጩውም ከዚያ አዳራሽ ምንም አያገኝም። ከመፍረሱ በፊት ግን ሠላሳ ደቂቃ ይሰጠዋል፤ በዚያ ጊዜ ማንም ካለበት ተነስቶ መሻገር ይችላል።

መቶ ሃያ ሰው ነበርን። አሥራ ስምንት ያስፈልጋል። የአርሊስ ጥግ ሲቆጠር አሥራ ስድስት ሆነ።

አርሊስ አልጮኹም። በደህና እጃቸው ወረቀታቸውን ይዘው ከጥግ ጥግ ዞሩ። አንዱ ጫማውን ያያል፣ ሌላው ስልኩን። እኔ ጋ ሲደርሱ ከአንድ ወፍራም ሰው ጀርባ ተሸሸግኩ። ክቡር ቨርሊን ደግሞ እንደ ልማዳቸው የትም አልቆሙም። የቅርጫት ኳስ ሜዳው መሀል ላይ ባለው ክብ ውስጥ እጃቸውን ኪስ ከተው የትኛው ጥግ እንደሚያሸንፍ ያጠናሉ።

ስድስት ደቂቃ ሲቀር አርሊስ ወደ ክቡ ሄዱ።

"እነማን ናቸው?" አሉ።

"እነማን?"

"ሌሎቹ። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ሌሎቹ እንዲህ፣ ሌሎቹ እንዲያ ትለኛለህ። እስቲ አንዱን በስሙ ጥራልኝ።"

ክቡርነታቸው ዙሪያቸውን ቃኙ። ግንባራቸው ላይ ላብ ይታይ ነበር። ከዚያ ጣታቸውን ዘረጉ፤ ወፍራሙ ሰውዬ ዞር ሲል ጣቱ ያረፈው እኔ ላይ ነው።

"ይኸው መርል። ያነበበ ሰው ነው፣ ጋዜጣ ላይ ይጽፋል። እሱ እንኳ አልመረጣትም።"

መቶ ሃያ ሰው እኔን አየኝ። ስለ ሰው ጉድ ስጽፍ ሃያ ዓመቴ ነው፤ የራሴ ጉድ አደባባይ ሲወጣ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

"እኔ የምወደው እሷን ነው" አልኩ።

"ታዲያ እዚያ ምን ትሠራለህ?" አሉኝ አርሊስ።

"ቨርሊን አትመረጥም ስላለ ነዋ።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ወዲያው ተወው። እርሳቸው እኔን ፈርተው፣ እኔም እርሳቸውን ሰምቼ፣ ሁለታችንም የምንወዳትን ሴት ልናስጥል ነበር። እግሬን እየጎተትኩ ሜዳውን አቋረጥኩ። አሥራ ሰባት።

የስብሰባው መሪ ሁለት ደቂቃ ቀረ አለች፤ ቀጥላም አንድ ደቂቃ። አርሊስ ባላቸውን አልጠሩም። ጀርባቸውን ሰጥተው ወረቀታቸውን አጠፉ። ክቡር ቨርሊን በክቡ ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ። መጀመሪያ ሴናተሩ ጥግ ያለውን ብዙ ሰው አዩ። ከዚያ የሚስታቸውን ጀርባ አዩ።

"አትመረጥም" እያሉ መጡ። በየእርምጃው ይሏታል። "አትመረጥም። እወቁት፣ ነግሬያችኋለሁ፣ አትመረጥም።" አጠገባችን ደርሰው ቆሙ።

"አሥራ ስምንት" አሉ አርሊስ። ጀሶውንም በባላቸው ክንድ ላይ አሳረፉት።

ክቡርነታቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ሰባቱ ሲሸነፉ ለአንዳቸውም አላዘንኩም" አሉኝ። "ይቺ ብትሸነፍ እንዴት እንደምሆን አላውቅም።"

በመጋቢት ሌሎቹ ግዛቶች ሲመርጡ ተሸነፈች።

በማግስቱ ቁርስ ቤት ገብቼ "ነግሬህ አልነበር?" የሚለውን ለመስማት ጆሮዬን አዘጋጅቼ ተቀመጥኩ። ክቡርነታቸው አልመጡም። በሁለተኛውም ቀን አልመጡም። በሦስተኛው ቤታቸው ሄድኩ። አርሊስ በዓይናቸው ወደ ጋራዡ ጠቆሙኝ። ሞተሩ ያልተነሳ መኪናቸው ውስጥ፣ መሪው ፊት ተቀምጠዋል። በሌላው በር ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ይጽናኑ ብዬ፣ "እንግዲህ ከቀሩት መመረጥ የሚችለው ማነው?" አልኳቸው።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አሉ።

ይህችን ቃል ከእርሳቸው አፍ ለመስማት ሃያ ዓመት ጠብቄያለሁ። ስሰማት ግን መልሰው እንዲውጧት ፈለግኩ።

"እባክህ ቨርሊን" አልኳቸው፣ "ዝም ብለህ አንድ ሰው ጥራ።"