ከጠጂቱ ወደ ፌቨን አራተኛ

መጀመሪያ ይቅርታ። እጄ ሲጽፍ አንዱ ፊደል ተራራ፣ አንዱ ሸለቆ ይሆናል። ሆሄውንም አልችለውም። ስምንተኛ ክፍልን ለጥቂት ነው ያለፍኩት፣ ያውም በኦሮምኛ፣ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል ተምሬ። አማርኛ ይህን ሁሉ ዓይነት "ሀ" ምን እንደሚያደርግበት እስካሁን የነገረኝ የለም። የተሳሳተ ካገኛችሁ ደስ ባላችሁ ተኩልኝ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእኔን ያወጣው መልአክ ግን ሳይቀማምስ አልቀረም፤ ስሜ ጠጂቱ ነው።

አትሳቁ። በአያቴ ዘመን የክብር ስም ነበር። የአባቴ እናት ማር አገር ኖፓ ውስጥ ሲወለዱ በየዛፉ ያለው ቀፎ ሁሉ ሞልቶ ስለነበር፣ "ይቺስ እንደ ጠጅ የጣፈጠች ትሁን" ተብለው ነው አሉ። ስሙ ራሱ እንደ ከተማችን እንደ መቱ ሰው ነው፤ ፊቱ አማርኛ፣ ጭራው ኦሮምኛ፣ ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም። ያኔ በየቤቱ አንዲት ጠጂቱ ወይ አንዲት ሎሚቱ አትጠፋም ነበር። ዛሬ ጎረቤታችን ሁሩሙ ከተማ ገበያ መሃል ቆማችሁ "ጠጂቱ!" ብትጣሩ አሥር እናቶች ይዞራሉ። ከስልሳ ዓመት በታች የሆነች ከዞረች እኔ ነኝ። አያቴ ባረፉ በዓመቱ ስወለድ አባቴ ስማቸውን ሰጠኝ። እሱ ሲጠራኝ ድምፁ ይለሰልሳል። ሌላው ሲጠራኝ ይስቃል።

ደግሞም እኛ ጴንጤ ነን። ጠጅ በቤታችን ደጃፍ አያልፍም፤ እኔ ብቻ አልፋለሁ። የመዘምራን መሪያችን ጋሼ ታምሩ የስልክ ዕቃ ይሸጣሉ፤ ሱቃቸው ከአባቴ ልብስ ስፌት ጋር በአንድ ግድግዳ ነው። አንድ እሁድ ከልምምድ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ አስካሪ መጠጥ መድረክ ላይ ወጥቶ ሲዘምር ለምእመኑ ፈተና ነው አሉ። ተጸለየና ፌቨን ተባልኩ። እንዴት ያለ ብርቅ ስም! በቡድናችን ሦስት ፌቨኖች ብቻ ስለነበሩ፣ እንደ ነገሥታት በቁጥር ፌቨን አራተኛ ሆንኩ። ለአባቴ የነገረው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ሁሩሙ ልንዘምር ተጋበዝን። አባቴም ልጄን ልስማ ብሎ፣ ሱቁን ዘግቶ በኋለኛው ሚኒባስ ተከተለን። ምሳ ያበሉን፣ የቤተ ክርስቲያኑንም ቦታ የሰጡት እናት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ጋሼ ታምሩ ትከሻቸውን ስመው፣ እናታችን፣ የእምነት ምሰሶ፣ እትዬ ጠጂቱ ብለው አመሰገኗቸው። ምእመኑ እልል አለ፤ የተፈተነ አላየሁም። ቀጥለው ፌቨን ትዘምርልናለች አሉ።

ስወጣ እትዬ ጠጂቱ እጄን ያዙኝ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ስምሽ እንዴት ያምራል፤ የእኔን ስም የሚያወጣ ጠፋ፣ ከእኔው ጋር መቀበሩ ነው አሉኝ።

አባቴ ከኋላ ተነሳ። ዓይን አፋርነቴን የወረስኩት ከእሱ ነው፤ በጉባኤ ፊት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ያን ቀን ተናገረ። አይቀበርም እትዬ፣ ሞክሼዎ እጅዎ ላይ ናት አላቸው። ከዚያ ወደ ጋሼ ታምሩ ዞሮ፣ እናቴን ሁለተኛ ቀበርክብኝ አለ። ጋሼ ታምሩ አንገታቸውን ደፍተው አጥፍቻለሁ አሉ።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ፤ ግድግዳ የሚጋሩት ሰላምታ አይጋሩም። ሽማግሌ ቢላክ አባቴ እንቢ አለ። ልጄ አፍ የላትም፣ ዝም ብትል ስሟን ወሰደባት ይላል። ሰፈሩም አብሮት ያዝናል። እኔ በአባቴ ሱቅ ጥግ ይዤ የሸሚዝ ቁልፍ እየተከልኩ፣ የተበደለች መምሰሉን ተክኜበታለሁ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ። ስሜ ከመለወጡ በፊት በነበረው እሁድ፣ ሌሎቹ ሲወጡ ጋሼ ታምሩን በር ላይ አስቁሜ በዕድሜዬ አንዴ አፍ አወጣሁ። ስጠራ እየሳቁብኝ ነው፣ ሌላ ስም ካላወጡልኝ መዝሙሩን እተዋለሁ አልኳቸው። እሳቸው፣ የሚያምር ስም እኮ ነው፣ አባትሽስ ምን ይላል ብለው ለመኑኝ። አልቅሼ እሺ አስባልኳቸው፤ እኔ እንደጠየቅኩ ለአባቴ እንዳይነግሩብኝም ቃል አስገባኋቸው።

እስከ ዛሬ አልነገሩብኝም። አባቴ ፊቱን አዙሮ በደጃቸው ባለፈ ቁጥር፣ ከወንበራቸው ተነስተው እጅ ይነሱታል።