ከድር ዲስክ ሲከፍል

«ምንም አይሆንም» የሚሉ ሰዎች ይህን ድፍረት ከየት እንደሚያመጡት አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቡታጅራ ላይ ኮምፒውተር የሚጠግነውን ከድርን ካወቅሁ ወዲህ ይኸው እስከ ዛሬ እመራመራለሁ።

አንድ ቀን የኮምፒውተሬን ዲስክ እንደ አዲስ ለሦስት ሊከፍልልኝ ተቀመጠ። የሠርጌ ፎቶ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው።

«መጀመሪያ ሌላ ቦታ ገልብጠኸዋል?» አልኩት።

«ወላሂ ጋሼ፣ አያስቡ! ዲ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ምንም አይሆንም።»

ዲ የሚባለው ዲስኩ እንደ አዲስ ሲከፈል አብሮ የሚጠረግ የዚያው ዲስክ ሌላው ክፍል መሆኑን ያወቅሁት ሠርጌ ከነሚዜዎቹ ከጠፋ በኋላ ነው። የመስቃን ገበሬ እንኳ ማሳውን ከወንድሙ ጋር የሚካፈለው በርበሬውን ለቅሞ ካስገባ በኋላ አይደል?

ከንዴቴ ይልቅ ጉጉቴ በለጠና፣ «ለመሆኑ የራስህን ዲስክ ለስንት ከፍለኸዋል?» ብዬ ጠየቅሁት።

ከድር ደነገጠ።

«የራሴን? እሱንማ ነክቼው አላውቅም፤ የልጄ ፎቶ አለበት!»